ቅፍለትን የለመንኩበት በልግ

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ልደርስ አሊዩ አምባ ወርጄ ነበር። ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ የማላውቀው ሰው ደጅ ዘው ብዬ ገባሁ። ሸማኔ ቤት ኖሯል። ባለቤቱ «ግቢ እናቴ፣ ከእሳቱ ጠጋ በይ» አለኝ፤ እኔ ግን መቀመጡንም ረሳሁት። እርጥበት የነካው ጥጥ፣ ቀዝቃዛ የጉድጓድ አፈር፣ እንጨት ላይ የከረመ የእጅ ወዝ። ይህ ሽታ ተሰብስቦ መጣብኝ። አሮጊት ከሰው ደጅ ቆማ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያየ ሰው ለቅሶው ያልወጣላት ይመስለዋል። እኔ ግን እየሳቅኩ ነበር። ልቤ እንደዚያን ጊዜ ድው ድው ይል ጀመር፤ «ተነሺ፣ ሩጪ፣ ድረሺ» የሚለኝ ሰው ያለ ይመስል።

ያን ጊዜ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ንጉሡ አንኮበርን እየተዉ ወደ እንጦጦ መመላለስ የጀመሩበት ዘመን ነው ይላሉ ትልልቆቹ። እኔ የማውቀው እናቴ መንታ የወለደችበት ዓመት መሆኑን ብቻ ነው። ሁለት ሕፃን ታቅፋ እኔን ማየት ስላቃታት፣ ከአሊዩ አምባ ገበያ በላይ ካለው ዳገት ላይ ለሚኖሩት አባቷ ላከችኝ። አያቴ ሰይድ ይባላሉ። እሳቸውን በደንብ አላውቃቸውም ነበር።

ቤታቸው የገባሁ ዕለት መሬት ላይ እስከ ወገባቸው ተተክለው አገኘኋቸው። እግር የላቸውም! እናቴ ይህን ለምን ደበቀችኝ ብዬ አዘንኩባት። እንዳያፍሩ ብዬ ፊት ፊታቸውን ብቻ ሳይ ቆየሁ። የዙህር ሰላት ሲደርስ ሁለት እጃቸውን መሬት ላይ ደገፍ አድርገው፣ «ያ አላህ!» ብለው ሁለት ረጃጅም እግሮች ከመሬት ውስጥ መዘዙ። ጮኼ ወደ ውጭ ሮጥኩ። አጎቴ ይማም ከደጅ ያዘኝና እየሳቀ መልሶ አስገባኝ። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ ድሩን በእግሩ እየረገጠ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሆኑን ያን ዕለት ተማርኩ።

ቤቱ ውስጥ ሁለት ጉድጓድ ነበረ። አንዱ በበሩ አጠገብ፣ የአያቴ፤ አንዱ ከጓዳው ግድግዳ ሥር፣ የአያ ይማም። የአያ ይማም ሚስት እት ፋጡማ ትፈትላለች። የእኔ ሥራ ማግ መጠቅለል ሆነ። ቀሰም ማለት የጣት ርዝመት ያለው መቃ ነው፤ ማጉ በላዩ ይጠቀለልና መወርወሪያው ሆድ ውስጥ ይገባል። ሸማኔው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲወረውር ክሩ እየተፈታ ይሄዳል። ሁለት ሸማኔ ሲወረውር አንዲት ልጅ ቀሰም ማድረስ ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። «ማግ!» ይላሉ አያቴ። «ማግ!» ይላል አያ ይማም። እኔ መሀላቸው እሮጣለሁ።

አያ ይማም እጁ ፈጣን ነው፤ አፉም እንዲሁ። የጀመረውን ቶሎ ጨርሶ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይወድ ነበር። እንደመጣሁ ሰሞን አንኮበር ላለ ሰው ጋቢ ይሠራ ነበርና ሰኞ ዕለት ጨረሰው። በጣም ኮራ። ወደ አንኮበር ዕቃ የሚያደርሰው ግን ጌታነህ የሚባል ጭነኛ ነው፤ እሱም የሚወጣው ከገበያው ማግስት፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ብቻ ነው። ጋቢው አምስት ቀን ቆጥ ላይ ተቀመጠ። ቅዳሜ ሲዘረጋ መሀሉን አይጥ በልታዋለች። በዚያው ጠዋት ሌላ ሰው የሚጠብቀው ነጠላ ሁለት ክንድ ሲቀረው ጌታነህ መጣ፤ ነጠላውንም ትቶ ሄደ።

አያቴ አልተቆጡም። አይጧ የበላችውን ቀዳዳ በጣታቸው እየለኩ፣ «ይማም፣ ሸማ የሚደርሰው ያለቀ ዕለት አይደለም፤ ጭነቱ የተነሣ ዕለት ነው። ሰኞ አለቀ፣ ዓርብ ማታ አለቀ፣ ለጌታነህ በቅሎ አንድ ነው። ቅዳሜ ረፋድ ካለቀ ግን ለሚመጣው ቅዳሜ ነው» አሉት።

«ቀድሞ የታዘዘ ይቅደም ብዬ ነዋ፣ አባባ።»

«ቀድሞ የሚነሣ ይቅደም በል።»

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ሁሉ ነገር ወደኋላ ይቆጠር ጀመር። «ለቅዳሜ ስንት ቀን ቀረው?» ይላሉ አያቴ ጠዋት። እኔ ጣቴን ዘርግቼ እመልሳለሁ። እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበረ! ከዚያ በፊት ቀን ለእኔ የሚመጣና የሚሄድ ነገር ነበር። አሁን ከፊት ቆሞ የሚጠብቀን ሆነ።

የዚያ በልግ ሁለት ትልልቅ ሥራዎች መጡ። አንዱ አንኮበር ከምትኖር ወይዘሮ ነው፤ ለሴት ልጇ የፋሲካ ልብስ፣ ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ የሆነ ኩታ አዘዘች። ጥለት ስለሚያውቁ አያቴ በራሳቸው ጉድጓድ ጀመሩት። ከፋሲካ በፊት የጌታነህ የመጨረሻ ጉዞ የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጌታነህ እህል ውሃ ሳይቀምስ ስለሚያከፍል መንገድ አይወጣም።

ሁለተኛው የሐጅ ተጓዦች ልብስ ነው። አራት ሰዎች በዚያ ዓመት መካ ሊሄዱ ተነሥተዋል። ለእያንዳንዳቸው ስፌት የሌለው ሁለት ሁለት ነጭ ሸማ፣ በጠቅላላው ስምንት። አያ ይማም ለስምንቱ የሚበቃ አንድ ረጅም ድር አድርቶ በሱ ጉድጓድ ጀመረ።

ከአራቱ አንዱ ሼህ ዑመር ናቸው፤ የመንደራችንን ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ሁለት ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ። ከአያቴ ጋር ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። አብረን እንሄዳለን ሲባባሉ ነው የኖሩት። አያቴ ግን በጉድጓዱ ብርድ ጉልበታቸው አለቀ፤ ያን አገር በእግር መሄድ የማይታሰብ ሆነባቸው። ሼህ ዑመር በየቀኑ ከሰዓት በወንድማቸው ልጅ እየተመሩ ይመጡና ከአያ ይማም አጠገብ ተቀምጠው የተሠራውን በጣታቸው ይዳስሱታል።

«የኔን መጨረሻ አድርገው፣ ይማም፤ ዕውር ሰው ምን ያስቸኩለዋል» ይላሉ።

«የአንተንስ እኔ ነኝ የምሠራው፤ እኔ ባልሄድ እጄ ይሂድ» ይላሉ አያቴ።

እነዚህ ሰዎች የሚሄዱት ከቅፍለት ጋር ነው። ስለ ቅፍለት የማይባል ነገር አልነበረም። «ቅፍለት ማንንም አይጠብቅም።» «ቅፍለት ከተነሣ ተነሣ ነው።» «አምና እገሌን ቅፍለት ጥሎት ሄደ፤ ሰውየው እንደ ሕፃን አለቀሰ።» የነጋዴና የግመል ጉዞ መሆኑን ማንም ስላልነገረኝ፣ እኔ ቅፍለት ሰው ነው ብዬ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክፉ ሰው፤ ትልቅ ዱላ የያዘ፣ ዞር ብሎ የማያይ። ማታ ስተኛ እጠላው ነበር።

የመሄጃው ዓርብ ሩቅ ስለነበረ ሁሉም ነገር ልክ ነበር። አያቴ ኩታውን ለሆሳዕና ዋዜማ ይጨርሳሉ፤ አያ ይማም ስምንቱን ሸማ ለሚቀጥለው ዓርብ ያደርሳል። ሦስቱን እንደጨረሰ ግን የቀኝ እጁ አውራ ጣት በእንጨት ስንጥር ተወጋና መረዘ። በሁለት ቀን እጁ የተነፋ ሊጥ መሰለ። እት ፋጡማ ቅጠል ቀጥቅጣ አሰረችለት። ጣቱን ማጠፍ የማይችል ሸማኔ ምን ይሆናል? ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ያልተሠራውን ድር ያያል።

ሦስተኛው ቀን ዓርብ ነበር። ከጁምዓ በኋላ ገበያው መሀል ነጋሪት ተመታ። አዋጅ ነጋሪው፣ «በቆላ ዝናቡ በርትቷል! ወንዝ ሳይሞላ እንለፍ ብለዋል! ቅፍለት የሚነሣው ዛሬ ሳምንት፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» አለ።

አንድ ሳምንት ቀደመ። ሁለቱ ሥራዎች አንድ ላይ ወደቁብን፤ አንዱ ለዓርብ፣ አንዱ ለቅዳሜ። ያለን ሸማኔ አንድ ነው።

አያቴና አያ ይማም እገበያው ዳር ቆመው ሲነጋገሩ እሰማለሁ።

«ለኩታው ሦስት ቀን፣ ለቀሩት አምስት ሸማዎች አምስት ቀን፣ ስምንት ነው። ያለን ስድስት ቀን ተኩል» አሉ አያቴ።

«የወይዘሮዋን እንተወው፣ አባባ። በቅሎ በየሳምንቱ አለ፤ ቅፍለት ግን በዓመት አንዴ ነው።»

«ፋሲካስ በየሳምንቱ አለ? ቃል ሰጥቻታለሁ።»

«እንግዲያው የሼህ ዑመርን ሁለቱን...»

የአያቴ ፊት ጨለመ። ይህ ሁሉ የመጣው በአንድ ክፉ ሰው ነው! ሄጄ እለምነዋለሁ አልኩ። እጃቸውን ለቅቄ በገበያው ሰው መሀል ገባሁ።

«ቅፍለት የታለ?» አልኩት የመጀመሪያውን የአሞሌ ነጋዴ።

«ያውልሽ፣ ያ ሁሉ» ብሎ በአገጩ ወደ ትልቁ ሾላ ጠቆመኝ። ሌላዋንም ሴት ጠየቅኩ፤ እሷም ወደ ሾላው። ከዛፉ ሥር ብዙ ሰው ቆሟል። መሀላቸው ቁርበት ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። ረጅም ነው። ቀጭን ነው። ዱላ ይዟል። ጺሙ በሂና ቀልቶ እሳት መስሏል። ነጋዴዎቹ በየተራ ያናግሩታል። እሱ መሆኑን አላጣሁትም።

«ቅፍለት እርስዎ ነዎት?»

ሰዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። የአዳል ሰው ነበር፤ አማርኛው ሰባራ ነው። «እሺ፣ እኔ ነኝ። ምን ፈለግሽ?»

በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። አጎቴ እጁን መታመሙን፤ ሼህ ዑመር ዓይናቸው የማያይ መሆኑን፤ አያቴ አንድ ሰው ብቻ መሆናቸውን። «አንድ ሳምንት ይጠብቁን» አልኩት። «ክፉ ነዎት ይላሉ፤ ግን ትንሽ ይጠብቁን።»

ሰውየው ዱላውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ጣቱን እየቆጠረ፣ «አህዮቹ ዓርብ ከዚህ ይወርዳሉ። ግመል ይህን ገደል አይወጣም። የኔ ግመል እሑድ ከቁልቁለቱ ሥር፣ ፋሬ ይገባል። ውሃ ይጠጣል፣ ይተኛል። ሰኞ ጎህ እጭናለሁ። እስከ ሰኞ ጎህ እጠብቃለሁ። ከዚያ ለአባቴም አልቆምም» አለኝ።

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

እንዴት እንደሮጥኩ! አንዲት ሴት የዘረጋችውን በርበሬ ረግጬ ስድቧ ከኋላዬ ሲከተለኝ ሰምቼዋለሁ። አያቴ እየፈለጉኝ ነበር።

«አባባ! ቅፍለትን አነጋገርኩት! እስከ ሰኞ እጠብቃለሁ አለ!»

አያ ይማም የታመመ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ እስኪያመው ሳቀ። «ቅፍለት እንዴት ዋለ? ቤተሰብ ደኅና ነው?» ይለኛል። እንባዬ መጣ። አያቴም ፈገግ ብለው ነበር፤ ጎንበስ ብለው ግን፣ «ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ሐሉ?» አሉኝ።

«ጺሙ ቀይ ነው። ግመሎቹ እሑድ ፋሬ ይገባሉ።»

ፈገግታቸው ቆመ። ባለፉት ዓመታት ቅፍለቱ ፋሬ ላይ ያድር እንደነበረ ሁሉም ያውቃል፤ ዘንድሮ ግን ለወንዙ ሲሉ ሳያድሩ ያልፋሉ ተብሎ ነበር የተወራው። አያቴ ዱላቸውን ይዘው ወደ ሾላው ሄዱ። ሲመለሱ እርምጃቸው ሌላ ነበር፤ ጉልበታቸውን የሚያመው ሰው አይመስሉም። «ልጅቱ እውነቷን ነው» አሉት አያ ይማምን። «ቅፍለቷ ቃሉን ሰጥቷታል።»

ቤት እንደገባን ቀሰሞቼን ሰብስበው መሬት ላይ በተርታ ደረደሩ፤ እያንዳንዱ አንድ የሥራ ቀን ነው። «አሁን ሦስት መነሻ አለን» አሉ። «አህዮቹ ዓርብ፣ የጌታነህ በቅሎ ቅዳሜ ጎህ፣ ግመሎቹ ሰኞ ጎህ። ከነገ እስከ ማክሰኞ አራት ሸማ እሠራለሁ፤ ከይማም ሦስት ጋር ሰባት ይሆናል። እሱ ከአህዮቹ ጋር ይወርዳል። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ኩታውን። ቅዳሜና እሑድ የምትቀረውን አንዷን።»

«ኩታውን ለምን አናስቀድመውም?» አለ አያ ይማም።

«አይጥ እንድትለብሰው?»

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተጀመረ። ቤቱ ቀኑን ሙሉ «ቷ፣ ቷ፣ ቷ» ይላል። ሁለት ሰው ሲሠራ አንዱ ሲያርፍ አንዱ ይሰማ ነበር፤ አሁን አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ ግን አያቆምም። አያ ይማም መቀመጥ አልቻለም፤ በግራ እጁ ድሩን ያቃናል፣ የተበጠሰ ክር በጥርሱ ይዞ ይቋጥራል። እት ፋጡማ የተፈተለውን ታቀብለኛለች፣ እኔ እጠቀልላለሁ። ጣቴ ተላጠ። አንድም ቀን «ደከመኝ» አላልኩም፤ ቅፍለትን የለመንኩት እኔ ነኛ!

ማክሰኞ ዕለት ዝናቡ መጣ። የበልግ ዝናብ ከጉም ጋር ነው የሚገባው፤ በበሩ ገብቶ ቤቱን ይሞላዋል። ጥጡ ውሃ ጠጣ። ድሩ እርስ በርሱ ተጣበቀ፣ ማጉ በየሁለት ውርወራው ይበጠሳል። አያቴ ሦስት ጊዜ ሞከሩና መወርወሪያውን አስቀመጡ። ግማሽ ቀን ሄደ። ከቆጥ ላይ የሚንጠባጠበውን እየሰማን ተቀመጥን።

እኔ ስለበረደኝ ቀሰሞቹን እንደታቀፍኩ ከምድጃው ሥር ተጠቅልዬ ነበር። አያቴ ሌላ ማግ ሲጠይቁኝ ከብብቴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወረወሩ። አልተበጠሰም። ድጋሚ ወረወሩና ቀሰሙን አውጥተው ጉንጫቸው ላይ አስጠጉት።

«ሞቃት ነው! የት ነበር ይህ?»

«ብብቴ ውስጥ።»

«ሌላም አምጪ!»

ከዚያ በኋላ ፍም በሸክላ ተደርጎ ከድሩ ሥር ገባ፤ ቀሰሙ ደግሞ በእኔ ቀሚስ ውስጥ። በሆዴ አሥር ቀሰም ታቅፌ ከምድጃ ወደ ጉድጓድ እመላለሳለሁ። አያ ይማም፣ «ዶሮዋ እንቁላሏን ይዛ መጣች» ይለኛል። አራተኛው ሸማ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ከእንጨቱ ወረደ። ግማሽ ቀን ግን ተበድረናል፤ የት እንደምንከፍለው አናውቅም።

ዓርብ አህዮቹ ተጫኑ። አሊዩ አምባ ሰው በሰው ሆነ። ሦስቱ ተጓዦች ሁለት ሁለት ሸማቸውን ተቀበሉ፤ ሼህ ዑመር አንዱን ብቻ። አያቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ተቆራረጠ። «ዑመር፣ ሁለተኛው ሰኞ ጎህ ሳይቀድ...»

«አውቃለሁ» አሉ ሼህ ዑመር። «ፋሬ ላይ እጠብቃለሁ። ወደ ኋላ የሚያይ ዓይን የለኝም፤ ጆሮዬ ግን መንገድ ላይ ነው።» እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ዱዓ አደረጉልኝ። አህዮቹ ቁልቁለቱን ሲጀምሩ አቧራና ጭቃ የተቀላቀለበት ሽታ ተነሣ። አያቴ አላዩም፤ ወደ ኩታው ተመልሰዋል።

ቅዳሜ ጎህ ሊቀድ ሲል የበቅሎው ቃጭል ከታች ተሰማ። ኩታው ከእንጨቱ ወርዷል፤ ዘርፉ ግን አልተገመደም! እት ፋጡማ ከአንድ ጫፍ፣ እኔ ከሌላው ጫፍ፣ ክሩን እየቆነጠርን እንገምዳለን። ቃጭሉ ቀረበ። ጌታነህ ደጅ ቆመ።

«አባ ሰይድ! አለቀ?»

«አልቋል! ግባና ቂጣ ቅመስ!»

«አልገባም፣ ጸሐይ ይቀድመኛል።»

«እንግዲያው በቅሎህ ጫማዋን ታስተካክል!» አለ አያ ይማም ከውስጥ። ጌታነህ የበቅሎውን እግር ጎንበስ ብሎ ማየት ጀመረ፤ ጫማ እንደሌላት ትዝ ሲለው እየተሳደበ ቀና አለ። ያን ጊዜ የመጨረሻውን ዘርፍ ቋጥሬ ኩታውን ይዤ ወጣሁ። ቃጭሉ ወደ ዳገቱ ራቀ።

የቀረችው አንዷ ሸማ ናት። እሑድ እኩለ ቀን አለፍ ሲል ወረደች። አያቴ ከጉድጓዱ ሲወጡ እግራቸው አልታዘዘም፤ በሁለት ብብታቸው ይዘን አወጣናቸው። «አሁን ይማም ይዞት ይሂድ፣ አንቱ ይተኙ» አለች እት ፋጡማ።

«አህያዬን ጫኑልኝ» አሉ።

እሳቸው በአህያ፣ አያ ይማም በፊት፣ እኔ ከኋላ እየነዳሁ ወረድን። ፋሬ ሩቅ አይደለም። ወንዙ ግን ሞልቶ ነበር፤ ቀይ ውሃ ግንድ ይዞ ያገሳል። እስኪጎድል ዳሩ ላይ ቁጭ አልን። መሸብን። ከአንድ ገበሬ ጎጆ አድረን፣ ወፍ ሳይንጫጫ ተነሣን። ውሃው ወደ ጉልበት ወርዷል። ተሻገርን።

ከኮረብታው ጫፍ ስደርስ ከታች ያየሁትን ልንገራችሁ። ሜዳው ሁሉ ግመል ነው። አንዱ ይነሣል፣ አንዱ ያጓራል፣ አንዱ ጭነቱ ተሰቅሎ ከኋላው ሌላው ይታሰራል። መቶ ይሁን ሁለት መቶ አላውቅም። የመጀመሪያዎቹ መንቀሳቀስ ጀምረዋል፤ ሰልፉ እንደ ገመድ ይፈታል።

«አያ ይማም፣ ቅፍለት የቱ ጋ ነው?»

አያ ይማም በዚህ ጊዜ አልሳቀብኝም። በግራ እጁ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አሳየኝ። «ይኸውልሽ።»

ይህ ሁሉ? እኔ የለመንኩት ይህን ሁሉ ነው? ደስታ ይሁን ፍርሃት እንጃ፣ ደሜ ፈላ። ሸማውን ከአያቴ ጭን ነጥቄ ቁልቁል ሮጥኩ። እሾህ ቀሚሴን ቀደደው። ቀይ ጺሙን ከሩቅ አየሁት፤ የመሪዋን ግመል ገመድ ይዞ እየሄደ ነው።

«ቅፍለት! ቅፍለት ቁም! መጣን!»

አንቱታውም ጠፋብኝ። ሰውየው ዞር አለ። ሸማውን ሲያይ ገመዱን ሳብ አድርጎ በራሱ ቋንቋ ጮኸ፤ ግመሎቹ አንዱ ከአንዱ እየተጋጨ እስከ መጨረሻው ቆሙ። «ጎህ ቀዷል» አለኝ ሰማዩን እያየ። «ትንሽ ብቻ ነው የቀደደው። ፍጠኚ።»

ሼህ ዑመር ከመሀል ግመል ላይ ነበሩ። ድምፄን ሰምተው እጃቸውን ዘርግተዋል። አያቴ በአህያቸው እስኪደርሱ ጠበቅን፤ ሸማውን በእጃቸው አቀበሏቸው። ሼህ ዑመር እንደ ልማዳቸው ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ሄዱበት። መሀሉ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ቋጠሮ አለው፣ ሰይድ።»

አያቴ መሬት መሬት አዩ። እንከን ያለው ሸማ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። «ጉልበት አልነበረኝም። ቅዳሜ ዕለት ክሩ ተበጠሰብኝ፤ ፈትቼ ልድገመው ብል ጊዜ...»

«ዝም በል» አሏቸው ሼህ ዑመር። «ሌላው ሁሉ ለስላሳ ነው፤ የማንም እጅ ሊሆን ይችላል። እዚህ ስደርስ ግን አንተ ነህ። ካዕባ ፊት ስቆም ጣቴን እዚች ላይ አደርግና፣ ሰይድም መጥቷል እላለሁ።»

አያቴ የጓደኛቸውን እግር በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ፤ ግመሉ መራመድ ሲጀምር ጥቂት አብረው ሄዱና ለቀቁ። የመጨረሻው ግመል ከእሾሁ ዱር እስኪገባ አልተንቀሳቀስንም። ከዚያ አያቴ ወደ እኛ ዞረው፣ ፊታቸው ረጥቦ፣ እንደ ጎረምሳ ሳቁ። «ራበኝ!» አሉ። ይዘን የመጣነውን ቂጣ ቆመን ጨረስነው።

ስንመለስ ጸሐይ ወጥቶ ገደሉ ሁሉ ያብለጨልጭ ነበር። ዳገቱን አጋምሰን ከሸለቆው ማዶ ቃጭል ሰማን። ጌታነህ ከአንኮበር እየወረደ ነው። በመሀላችን ጥልቅ ገደል አለ፤ እሱም አይቶን እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ተጣራ።

«አባ ሰይድ ሆይ! ደርሷል! ልጅቱ ፋሲካን አልጠበቀችም፣ ትናንት ለሆሳዕና ለበሰችው!»

አያቴ አህያው ላይ ቀና ብለው፣ ያን ያህል ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር፣ «የእኛም ደርሷል!» አሉ።

«ምን?»

«ደ-ር-ሷ-ል!»

አያ ይማም የታመመ እጁን እያወዛወዘ ጮኸ፤ እኔም ጉሮሮዬ እስኪላጥ ጮኽኩ፤ የገደሉ ማሚቶ እየተቀበለ «ደርሷል፣ ደርሷል» አለ። በበልግ ገብሳቸው ላይ ጎንበስ ብለው የሚያርሙ ሰዎች ቀና ቀና አሉ። አንዲት ሴት ከመሀላቸው፣ ምን እንደደረሰ ሳትጠይቅ፣ እልል አለች።